የእማዬ ትከሻ

ውድ እህቴ፣ እግርሽ ሳይዝል፣ ጤናሽ ሳይጓደል እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

አዲሱን ዳንስሽን ከእማዬ አጨማመቅ ልትሠሪው፣ አንሶላ ስትጨምቅ ቀርጸሽ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ትናንት በስልክ «የእማዬ ትከሻ እንደ ልጅ ሆኗል፤ ዳንሰኞቼን በሱ እያስጠናኋቸው ነው» ስትዪኝ አፈርኩ። ቀሚሱና ሻሹ የእማዬ ነው፤ ጨማቂዋ ግን እኔ ነኝ። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ከጀርባዬ የቀረጽኩት ለዚያ ነው።

እማዬ አልታዘዝ ያላትን ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «ወገብሽን ሰበር አድርጊው እንጂ፤ እኔ እንዲህ ግትር ነኝ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ኋላ ግን «ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ትርኢቷን ጥላ ትመጣለች» አለችኝ።

ይኸው፣ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላትም እኔ ነኝ።

ሥራሽ ይቃናልሽ። እማዬ ፎቶሽን በግራ እጇ ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ስማሻለች።

ታናሽሽ