ጦሙን የሚያድር መሬት

ኅዳር 9

የመስታወትን የሰርግ ቪዲዮ ጨረስኩ። እናትየዋ ከጭፈራው ምንም እንዳይቀነስ ብለዋል… እሺ ብያለሁ። ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያየው እንጃ።

ከሰዓት ጋሽ ወልደ ጻድቅ ሱቄ መጡ። የጓሳ ሣር ምድር ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ሙሽሮች አንድ በአንድ አዩ።

«እየሩስ፣ ሰርግ ትቀርጫለሽ። መሬትስ?»

«መሬት አይጨፍርም ጋሼ።»

ሳቁ። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። የጓሳን ምሥራቁን ወገን ለድንች እርሻ ለመስጠት ታስቧል። ታኅሣሥ ላይ ስብሰባ አለ። የሚወስኑት ሰዎች አብዛኞቹ ጓሳን ረግጠውት አያውቁም። «ቢያዩት ይራሩለታል» አሉ።

እኔስ መች ረግጬው አውቃለሁ? እዚሁ አጠገቡ የሞላሌ ልጅ ሆኜ… በመኪና ሳልፍ ሁሌ እንቅልፍ ነው።

ኅዳር 17

ብርድ። ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ አልለይ አለ። ጠባቂው ደመላሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጉም ብቻ፣ ምንም አይታይም። ተናድጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጉሙ ተነሣ… እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መሬቱ ሄዶ ሄዶ ሰማይ ጋ ሲያልቅ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ከቁብም አልቆጠሩን።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደመላሽ «አትቀርጪም እንዴ?» ሲለኝ ነው ካሜራውን የከፈትኩት።

ይሄ ሁሉ ደጃፌ ላይ ነበር?

ኅዳር 18

ቀይ ቀበሮ አየሁ። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ… እሱ ለፍልፈሉ፣ እኔ ለሱ። ትንፋሼን ውጬ።

ኅዳር 20

ሁለት ሴቶች ፈረስ እየነዱ ሲያልፉ፣ እስኪርቁ ጠበቅኩ። ደመላሽንም ገለል በል አልኩት። ሰው የሌለበት ይበልጥ ያምራል።

ታኅሣሥ 5

ስብሰባው ተደረገ። ሰዉ ቪዲዮዬን እስከ መጨረሻው አየልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር… እስከዚያ ድረስ።

አንድ ኃላፊ ማይኩን ያዙ። «በጣም ያምራል። ግን ይሄ ሁሉ መሬት ጦሙን እያደረ ነው ማለት ነው? ሰው እንኳ የለበትም እኮ።» ተጨበጨበላቸው። በገዛ ቪዲዮዬ!

ጋሽ ወልደ ጻድቅ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ውሳኔው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ለምነው ጊዜ አገኙ።

ስንወጣ የቀለደው ደመላሽ ብቻ ነው። «ጦሙንማ ያድራል። እኛስ ይሄው ጦመኛ አይደለንም? ቀኑ ሲደርስ ይፈታል።»

ታኅሣሥ 8

ሰው ልቅረጽ ብዬ ወጣሁ። ሰው የለም። ለካ ሣሩ አሁን ዝግ ነው። እስኪከፈት ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ባዶ የሆነው ሰው ስለሌለው አይደለም፣ ሰው ስለሚጠብቀው ነው። ይሄንን በምን ላሳይ? ጦም እንዴት ነው የሚቀረጸው? ያልተበላ ምግብ አሳይቶ?

ታኅሣሥ 14

የጓሳ ወሰን ጋ ሄድን። ወዲህ ግጦሽ ነው… ተግጦ መላጣ የሆነ፣ አቧራ። ወዲያ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። መሃሉ ላይ ምንም የለም። አጥር የለም፣ ገመድ የለም። ካሜራውን ተክዬ መቅረጽ ጀመርኩ።

እትዬ ጥሩሸዋ የሚባሉ ሴት አንዲት ላም ይዘው መጡ። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ላሟ ሣሩ ጋ ስትደርስ አንገቷን ዘረጋች። እትዬ ፊቷ ቆሙ። አልመቷትም። በመዳፋቸው ግንባሯን ገፋ አድርገው «ተይ… ቀናችን አልደረሰም» አሏት። ዞረች።

ኋላ ጠጋ ብዬ የቀረጽኩትን ስብሰባው ላይ ላሳየው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምኑን? ላም መመለሴን?» ገረማቸው። «እንዳሻሽ።»

ጭላዳዎቹን ሳይ እንኳ እንደዚህ አልሆንኩም።

ጥር 15

አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ጥሩሸዋም ከኋላ ወንበር ላይ አሉ። በዚህኛው ዙር ሙዚቃ የሌለው ቪዲዮ ሠራሁ… ንፋሱና የእትዬ ድምፅ ብቻ።

ላሟ ስትመለስ እኚያ ኃላፊ ጎንበስ አሉ። «አጥሩ የት ጋ ነው?»

«የለም» አልኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ታዲያ ማን ከለከላቸው?»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እስቲ ድገሚው» አሉኝ ኃላፊው። ደገምኩት።

ለድንቹ ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ። ጓሳ እንደነበረ ይቆያል። ጋሽ ወልደ ጻድቅ እጄን ይዘው «ተመስገን» ብቻ አሉ፣ ዓይናቸው ሞልቶ።

በር ላይ እትዬን አገኘኋቸው። ላምዎ እንዴት ሆነች አልኳቸው።

«ሸጥኳት እኮ ልጄ፣ ለገና። ድርቆሹ አለቀብኝ። ሣሩ ሲከፈት ሌላ ይገዛል።»

እንደ ቀላል ነገር። መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ሄዱ።

ሱቄ ገብቼ ቪዲዮውን ለብቻዬ ከፈትኩት። አንገቷን ስትዘረጋ… እትዬ ግንባሯን ገፋ ሲያደርጉ… መጨረስ አቃተኝ። አለቀስኩ።