ሦስት ቁጥርን ከአራት ቁጥር ይለዩልን ዘንድ

ለተከበሩ ሐኪም ዘይኑልአቢዲን፣
የሆሚዮፓቲ ሕክምና ቤት ባለቤት፣
ሰኞ ገበያ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁን አላህ ይጠብቅ። በእርስዎ ቤት ጤና በየብልቃጡ ተሞልቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሮ በዓይኔ ስላየሁ ይህን ምርቃት የጻፍኩት ለልማድ ያህል ነው።

እኔ ነጂባ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ነዋሪና የሰባት ዓመቷ የፋኢዛ እናት ነኝ። ልጄን ከቀበርን አርባ ቀን አልፏል። ለቅሶ ሊደርሱን ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው በመጡ ዕለት በቅሬ ዕድራችን ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «መድኃኒቱ አልተሳሳተም፤ አራት ቁጥር ለሚያስፈልጋት ልጅ ሦስት ቁጥር ሰጧት። እናት ልጇን ደህና አድርጋ ብታያት ኖሮ ይለይላት ነበር» ብለው ተናገሩ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እኔ ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እንዲህ ላለው ማጽናኛ በጊዜው ምስጋና ስላላቀረብኩ፣ ዛሬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

፩. ምርጫ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ ብሄድ ኖሮ የልጄን ጣት ወግተው፣ ደም አይተው፣ አንድ መድኃኒት ብቻ ሰጥተው ይሸኙኝ ነበር። እርስዎ ግን ልጅቷን እንኳ ሳያዩ ሁለት ብልቃጥ ሰጡኝ፤ ሁለቱም የትኩሳት፣ ሁለቱም ነጫጭ ፍሬ፣ ሁለቱም ጣፋጭ። ሦስት ቁጥር ትኩሳቱ በድንገት ለመጣበት፣ ውኃ ውኃ ለሚል፣ ብቻውን መሆን ለሚፈራ ነው አሉኝ። አራት ቁጥር ደግሞ ፊቱ ለቀላ፣ እግሩ ለቀዘቀዘ፣ ብርሃን ለሚጠላ ነው አሉኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ክልክል ነው፤ ይጣላሉ። መድኃኒቱ በውኃ በቀጠነ ቁጥር ኃይሉ እንደሚጨምርም ያን ዕለት ነው የተማርኩት። ወተት ሻጮቻችን ይህን ሳያውቁ ስንት ዓመት በከንቱ ተሰደቡ!

፪. መመልከት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የሰጡኝ ወረቀት ዐሥራ ዘጠኝ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በየትኛው ጎኗ ትተኛለች? በቀኝ። ውኃ ትጠይቃለች? ትጠይቃለች፤ ግን ሲመጣላት አትጠጣም። ይህ አዎ ይባላል ወይስ አይደለም? ፊቷ ቀልቷል? ልጄ ጠይም ናት፤ ጠይም ልጅ እንዴት እንደሚቀላ ወረቀቱ አይናገርም። ብቻዋን መሆን ትፈራለች? ቀሚሴን ጨብጣ አልለቅ አለች። ሦስት ቁጥርን የመረጥኩት በዚህ ነው። በሁለተኛው ቀን «እማ፣ ወረቀቱን ተይውና እቀፊኝ» አለችኝ። ይህ ከዐሥራ ዘጠኙ ውስጥ ስላልነበረ የት ላይ ምልክት እንደማደርግ አላወቅሁም።

፫. በስልክ ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ፀሐይነሽ በዚያው ቀን ገብታ «አንቺ ሴት፣ ኮምቦልቻ ተቀምጠሽ ትኩሳት ሲመጣ ወባ እንደሆነ ማስመርመር ጠፋሽ? በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ተነሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከመነሳቴ በፊት ግን እርስዎን ላማክር ብዬ ደወልኩ። የጤና ጣቢያ መድኃኒት የፍሬዎቹን ኃይል እንደሚሽር፣ ትኩሳቱ መባሱም ፍሬዎቹ ሥራ መጀመራቸውን እንደሚያሳይ አስረዱኝ። ቢሻላት መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ቢብስባትም መድኃኒቱ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሽንፈት የማያውቅ መድኃኒት አይቼ አላውቅም።

፬. በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወባ ነበር። የመረመራት ወጣት ባለሙያ «እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?» ሲለኝ፣ «ስመርጥ ነበር» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን የፀሐይነሽን ቃል ሰምቼ መሄድ ነበረብኝ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለእርስዎም ቢሆን አላካፍልዎትም። ልጅሽን አላየሻትም የሚለውን ግን አልቀበልም። ሦስት ቀን ሙሉ ከእሷ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ። ከሁለቱ ብልቃጥ የተረፉትን ፍሬዎች ለቅሬያችን ዳኛ አስረክቤያለሁ። እሳቸውም ከፀሐይነሽ በተዋስናቸው ዐሥር ስኒዎች ውስጥ፣ በአንዳንዱ ሦስት ቁጥር በአንዳንዱ አራት ቁጥር አድርገው፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ከየስኒው ሥር ጽፈው ያስቀምጣሉ። በመጪው ወር የቅሬ ስብሰባ ዕለት፣ ያን ንግግር ባደረጉበት ግቢ ስኒዎቹ ይጠብቁዎታል። እባክዎ መነጽርዎን ይዘው ይምጡ። በመልክም ይሁን በማሽተት ወይም በጣዕም፣ ስኒዎቹን ሳይገለብጡ ይለዩልን። ከፈለጉ ዐሥራ ዘጠኙን ጥያቄዎች ይጠይቋቸው፤ እንደ ልጄ አያለቅሱም።

ከለዩልን፣ ወላሂ፣ ልጇን ያላየች እናት እኔ ነኝ ብዬ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። መለየት ካቃተዎት ግን እዚያው ቦታ ቆመው፣ በዚያው ድምፅዎ፣ «እናቷ አይታታለች» ይበሉልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ከመደርደሪያዎ ፊት የሚቆመውን ብዙ ሕዝብ ያስጠበቅሁብዎት እንደሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በብልቃጦችዎ ብዛት መገረሜን ያልተውኩ አክባሪዎ፣

ነጂባ፣ የፋኢዛ እናት
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦ ለቅሬያችን ዳኛ፣ በስብሰባው ግቢ በር ላይ እንዲለጠፍ

የተረሳ ነገር፦ ፀሐይነሽ ባለፈው ሳምንት ዘመድ ልትጠይቅ ደሴ ወጥታ፣ ትንሿ ልጅዎ አተኩሷት ክሊኒክ ውስጥ ደም ሲያስመረምሯት አይታዎታለች። ተሽሏታል መባሉን ስሰማ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ለትምህርት ያህል ብቻ ልጠይቅዎት፦ እሷ ሦስት ቁጥር ነበረች ወይስ አራት?