አባባና ድምፅ የሌላት መኪና

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻህን ማብሰሉ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬም «ደህና ናት በይው፤ ሌላ ነገር እንዳትጽፊ» ብላኛለች። ስለዚህ የምጽፍልህ ስለ መኪና ነው።

አባባ አሳብደውኛል። አሮጌዋን ሸጬ ሃይብሪድ ልግዛ አልግዛ ሲሉ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጠዋት «በባትሪም ስለምትሄድ ነዳጅ ትቆጥባለች» ይላሉ፤ ማታ «ባትሪው ቢሞትብኝስ ከየት አመጣለሁ?» ብለው ያፈርሱታል። መካኒኩ እንዲህ ያለ መኪና ፈትቼ አላውቅም ሲላቸው ኩም ብለው ይመጣሉ። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን ሃይብሪዴ ከነዳጅ ወረፋ ገላገለችኝ ሲላቸው ደግሞ ልባቸው ይሸፍታል። እራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። እማዬ እንደሆነች እህል ስለማይወርድላት ሻሿን አስተካክላ ቀድማ ትነሳለች፤ ጣጣው ለእኔ ይቀራል።

ቅዳሜ እየጎተትኩ መሸጫው ወሰድኳቸው። ሻጩ ስለ ነዳጅ ቁጠባ ሲያብራራ ጆሮም አልሰጡት። ለሙከራ ስንወጣ ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ የኖሩ ሰው መሪውን ለእኔ ለቀው ከኋላ ተቀመጡ። መብራት ይዞን ስንቆም ሞተሩ ዝም አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ወንበሩ ምን ያህል እንደሚተኛ፣ የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠየቁት። ስለ ባትሪው ዋስትና ሻጩ ራሱ ቢያነሳላቸውም የኋላውን ወንበር በእጃቸው መዳበስ ቀጠሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትዕግሥቴ አለቀና ወይ ይግዙ ወይ ይተዉት አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከሆስፒታል ስንመለስ አሮጌዋ መኪና እናትሽን እያንገጫገጨች፣ እየሸተተች ታስመልሳታለች። እኔን የጨነቀኝ እሱ ነው» አሉኝ።

ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው ቢናገሩ ምን ነበረበት? ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ አንተም ስትጨነቅ ስለ ሌላ ነገር ነው የምታወራው።

ገዟት። ትናንት እማዬን ከሕክምና ይዘናት ስንመለስ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ። በራችን ላይ ደረስን፤ አባባ ግን አላቆሙም። አለፉና ሰፈሩን ዞሩ፤ ደግመውም ዞሩ። ስለ ነዳጅ ቁጠባ ስንት ወር ያደረቁኝ ሰው፣ በመስተዋቱ እሷን እያዩ እስኪመሽ ነዱ።

ወንድም ጋሼ፣ የዓመት ፈቃድህን አታቆየው፤ አሁን ውሰደው። እማዬ ለምን መጣህ ካለችህ መኪናዋን ለማየት ነው በላት።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ሁላችንንም በአንድ ገበታ ያሰባስበን።

ታናሽ እህትህ