ይፋግ የሄድኩ ዕለት

መስከረም 20፣ 1972

ዛሬ አንድ ሰው ክሊኒኩ ገባ። ደስ ብሎኝ ወንበር ሳብኩለት... ለካስ የወፍጮ ቤቱን መንገድ ሊጠይቅ ኖሯል። የጤና ረዳትነት ምስክር ወረቀቴን ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ፤ የሚያየው ዝንብ ብቻ ነው። ወባው ገብቷል፣ በሽተኛው ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። "ትናንት የተወለደ ልጅ ምን ያውቃል?" ይላሉ አሉ። ሰው ሊሞት ነው እኮ! ምን ባደርግ ይመጡ ይሆን?

መስከረም 26

የቀበሌው ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ከወባ ጀምሬ ኮሶ ላይ ደረስኩ። "ኮሶ መጠጣት ኋላ ቀርነት ነው!" ካድሬው አጨበጨበ። ብቻውን። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ግን አልተቆጡም። "ልጄ፣ ጥሬ ሥጋ ትወዳለህ?" አሉኝ። ምን አገባቸው?

...እወዳለሁ።

ጥቅምት 1

ኮሶ ይዞኛል። እኔን! የክሊኒኩ እንክብል አልቋል፤ ከባሕር ዳር መቼ እንደሚመጣ እንጃ። ለአከራዬ ለእትዬ ንግሥቲ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ዋጡ። "ነገ በባዶ ሆድህ ትጠጣለህ። ጓዳ ግባና ማንም እንዳያይህ። የሰው ዓይን ካረፈብህ አይሽርልህም።" ይህን እንኳ አላምንም። ለማንኛውም በሩን ይዝጉት ብያለሁ።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ጠጣሁት። ሲመር! ጓዳ ተጋድሜ ሆዴ ሲያጉረመርም በሩ ተንኳኳ።

"የለም፤ ይፋግ ሄዷል" አሉ እትዬ ንግሥቲ።

ዘሊካ ናት፣ የባለሱቁ የኡመር ሚስት። ልጇን ሰኪናን አዝላ መጥታለች፤ ወባ ጥሏት ነፍሷን አታውቅም። "ወላሂ ልጄ ልትሞትብኝ ነው... ሌላ ማን ጋ ልሂድ?"

ብወጣ ወረታ በሙሉ ይስቅብኛል። ያ ሁሉ ንግግሬስ? ብተኛስ... ልጅቷ ብትሞትስ?

ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ዘሊካ እያለቀሰች ቀና ብላ አየችኝ። "ከይፋግ መቼ ተመለስክ?"

ሰኪናን እዚያው መደብ ላይ አስተኝቼ የወባ መርፌ ወጋኋት። በእርጥብ ጨርቅ አበረድናት። በመሃል ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተሰልፎ ያያል፤ መሪጌታም አሉበት። በተመለስኩ ቁጥር "እግዜር ይማርህ" ይላሉ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ሰኪና ዓይኗን ገልጣ "ውሃ" አለች። አለቀስኩ። ኮሶው አድክሞኝ ነው... እላለሁ።

ጥቅምት 4

ክሊኒኩን ስከፍት ደጁ በሰው ሞልቷል። ከፊት መሪጌታ፣ በጋቢያቸው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ።

"እስከ ዛሬ ምነው ቀሩ?"

"የሚያፍር ሰው መሆንህን አላወቅንም ነበራ። ያንተን ጉድ አየን፤ እንግዲህ የኛን ብናሳይህ ምን አለበት?"

ፊቴ ቆመው ኪኒኑን ዋጡ። ፊታቸውን አጨማደው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

"ይመራል" አሉ። "ግቡ።"

ምሳ ሳልበላ መሸ።