ከድርቆሹ ጀርባ የቀሩት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ብርድ ሲመጣ እንደሚብስብሽ አውቃለሁና ሳትደብቂ ጻፊልኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ እንዳታልፊኝ፣ አውቅሻለሁ። አባባስ ሳሉ ተሻለው? መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ አሁንም ትራሱ ስር እየደበቀ «ወስጃለሁ» ይልሻል? እህቴና ባሏ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ጭምር፣ ሁላችሁም እንደምን ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ሙሉ ነው። እንዲያውም ፈረሶቹ ሲበሉ እያየሁ እኔም ይርበኛል መሰል ወፍሬያለሁ፤ ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ ነገር መልስ ሳልሰጥሽ ቆየሁ። የዓመት ፈቃዴ ደርሷልና «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ነበር ያልሽኝ። መልሱ ቀላል ነበር፣ እህቴ በስልክ የነገረችኝ ነገር ባያስፈራኝ ኖሮ። ሚጣዬ ስልኩ ሲጮኽና የእኔ ስም ሲነሳ ሮጣ አልጋ ስር ትገባለች አሉ። «ነይ እናትሽን አናግሪ» ሲሏት ደግሞ «እናቴማ ይቺውና» ብላ አንቺን ታሳያለች አሉ። እህቴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ጡት ሳትጥል ትቻት የመጣሁ ልጅ ናት፣ ምን ትበል? ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ብትሸሸኝስ እያልኩ ነው ሳመነታ የከረምሁት። ዛሬ መልሱን ይዤልሻለሁ። ግን መጀመሪያ የድመቶቹን ነገር ላውራሽ፣ ያለሱ ነገሬ አይገባሽም።

የምሠራበት ጋጣ ረጅም ቤት ነው። ፈረሶቹ ግራና ቀኝ በየክፍላቸው ይቆማሉ፣ መጨረሻው ላይ ድርቆሽና አጃ የሚከማችበት መጋዘን አለ፣ መጋዘኑን ከመጨረሻው ክፍል የሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ድመቶቹ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሆነው ብቅ አሉ፤ አይጡን ስለሚይዙልን እሰየው አልን። ከዚያማ ወለዱ፣ የወለዷቸውም በተራቸው ወለዱ፣ ጋጣው የፈረስ መሆኑ ቀርቶ የድመት ሆነ። ድርቆሹ ላይ ይሸናሉ፤ ፈረስ ደግሞ ኩራቱ አይጣል ነው፣ የሸተተ ድርቆሽ ቢርበውም አፉን አያስጠጋም። ሲጣሉ ጩኸታቸው ፈረሶቹን ያስደነብራቸዋል። ዓይናቸው በበሽታ የተጣበቀ ግልገሎች በየጥጉ እናገኛለን፣ አንዱን ሰኮና ረግጦት ያየሁ ቀን ምሳዬን መብላት አልቻልኩም። ሰው የማያስነኩ የዱር ድመቶች ናቸው፣ ላንሳቸው ብትዪ እጅሽን ይቦጫጭቁታል።

አንድ ጠዋት የጋጣው ኃላፊ ትዕግሥቱ አለቀና «በቃ፣ መርዝ አመጣለሁ» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የፈረሶቹ ባለቤቶች በየቀኑ ሲጨቀጭቁት መሄጃ አጥቶ ነው። ጋሼ ልጓም ግን «መርዙ ሲመጣ እኔ እወጣለሁ» አሉት። ጋሼ ልጓም ከኃላፊው ቀጥሎ የፈረስ ጠባቂዎቹ ሁሉ አለቃ የሆኑት ሽማግሌ ባልደራስ ናቸው። ልጓም ከትከሻቸው ወርዶ ስለማያውቅ፣ ምሳ እንኳ ሲበሉ አንጠልጥለውት ስለሚቀመጡ ነው ስሙ የወጣላቸው። በመካከል ፈረሶቹን ልታይ የመጣችው ሐኪም ገላገለቻቸው። ድመቶቹን በወጥመድ ሳጥን እንያዛቸው፣ ወንዶቹን ኮላሽቼ፣ ሴቶቹንም እንዳይወልዱ አድርጌ፣ የጆሯቸውን ጫፍ ለምልክት ቆርጬ እመልስላችኋለሁ፣ አይጡንም ይጠብቃሉ፣ ቁጥራቸውም አይጨምርም አለች። ኃላፊው «አንድ ጊዜ ሞክሩ፣ ካልሆነ በኔ መንገድ ነው» ብሎ ተስማማ።

ድመት ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ሲርበው ነውና ማንም ምግብ እንዳይሰጣቸው ተባባልን። ሳጥኖቹ ውስጥ ዓሣ አድርገን ብንዘረጋ ድመቶቹ አልፈዋቸው እየሄዱ ፀሐይ ላይ ይተኛሉ። ኧረ ምን ጉድ ነው ስንል ለካ ሁላችንም አንዳችን ሌላውን «አደራ እንዳትሰጥ» እያልን በየፊናችን በስርቆሽ እንመግባቸው ኖሯል። እኔ ከምሳዬ ቀንሼ ከአጃው በርሜል ጀርባ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ለፈረሶቹ የብረት ጫማ የሚገጥመው ሰኮና መቺው በኪሱ ሥጋ ይዞ ይመጣል፣ ጋሼ ልጓምም ወተት አላቸው። ይባስ ብሎ ያ መርዝ አመጣለሁ ያለው ኃላፊ ከመጋዘኑ በስተጀርባ ቁጢጥ ብሎ እንቁላል ሲልጥላቸው ተያዘ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይቆጣ? በሳቅ ፈረስንና ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን።

ከዚያ አንድ በአንድ ይገቡልን ጀመር። ያስቸገረችን አንዲት ዥጉርጉር ድመት ብቻ ናት። ከሩቅ ታየናለች፣ አንድ እርምጃ ስንጠጋ የለችም። እሷም በመጨረሻ ረሃብ አሸነፋትና ገባች፤ ሳጥኑ ውስጥ እንደ እብድ ስትላተም ጆንያ አልብሰን ወደ ሐኪሟ ላክናት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በዚያው ቀን የድርቆሽ መኪና መጣ። እኛ ዘንድ አሮጌው ድርቆሽ ወደፊት ይወጣል፣ አዲሱ ከኋላ ይደረደራል፣ አሮጌው ቀድሞ እንዲያልቅ ነው። እኔና ሰኮና መቺው ላባችን እስኪንጠፈጠፍ አዲሱን የድርቆሽ እስር ከሳንቃው ግድግዳ አስጠግተን እስከ ጣሪያው ከመርነው።

በማግስቱ ከሳንቃው ወዲህ በመጨረሻው ክፍል ያለችው ዳማ ሴት ፈረስ፣ ባዝራዋ፣ መብላት አቆመች። አንገቷን እያዞረች ወደ ኋላዋ ታያለች፣ መሬቱን በፊት እግሯ ትጭራለች። ፈረስ አንገቱን አዙሮ ወደ ጎኑ ሲያይ ሆዱን ቆርጦታል ማለት ነው፣ ይሄንን እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሆድ ቁርጠት ደግሞ ፈረስ ይገድላል። ወዲያው አውጥተን ግቢውን እናዞራት ጀመር፣ ለቁርጠት መድኃኒቱ ማንቀሳቀስ ነውና። ውጭ ስትሆን ደህና ናት፤ ስንመልሳት ያው አንገቷን ታዞራለች። ጋሼ ልጓም ሆዷ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡና «ሆዷማ እንደ ወፍጮ ይሠራል» ብለው ግራ ተጋቡ። እኔ እንደገና ይዣት ወጣሁ፣ እግሬ እስኪዝል አዞርኳት።

እሷን እያዞርኩ ሳለ ሐኪሟ ደወለች። ዥጉርጉሯን ሆዷን ስላጫት ጡቷ ወተት ይዞ አየሁት፣ ቀዶ ጥገናው አልቋል፣ እሷም ደህና ናት፣ ልጆቿ ግን የት ናቸው አለችን። ጋሼ ልጓም ባዝራዋን አዩ፣ ሳንቃውን አዩ፣ ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱና «ሆዷን እኮ አይደለም የምታየው!» አሉ። ለካ ያቺ ምስኪን ከሳንቃው ጀርባ የሚያለቅስ ነገር ሰምታ ልትነግረን ስትለፋ፣ እኛ ሆድ ያማታል ብለን ግቢ ለግቢ እንጎትታታለን።

እማ፣ ያንን ክምር ያፈረስንበትን ፍጥነት ብታዪ! ኃላፊው ሸሚዙን ሰብስቦ ከእኛ ጋር እስር ይወረውር ነበር። ከታች በግድግዳውና እኛ በከመርነው ድርቆሽ መካከል ባለ ስንጥቅ ውስጥ፣ አሮጌ ጆንያ ላይ፣ ሦስት ግልገሎች ተቃቅፈው አገኘናቸው። ጣራና ግድግዳ ሠርተን ዘግተንባቸው ነበር። ድምፃቸው ተዘግቷል፣ አንደኛው ከመቀዝቀዙ የተነሳ የሞተ መስሎኝ ነበር። ደረቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁት፣ ሐኪሟ የላከችልንን ወተት በቱቦ ጠብ ጠብ አደረግንላቸው። እናታቸውን ያስያዝኳት እኔ፣ የዘጋሁባቸውም እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን ስረግም ሰኮና መቺው «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የደረደርሽው? እኔም እኮ አለሁበት» አለኝ።

ሐኪሟ ዥጉርጉሯን ራሷ ይዛ ስትመልሳት ባዶ ክፍል አዘጋጅተን ጠበቅናት። ልጆቿ ከጆንያቸው ጋር አንድ ጥግ ላይ ናቸው። ሳጥኑን ከፈትንላት፣ ወጣች፣ ሆዷ ተላጭቷል፣ የጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል። አሁን ሮጠው ይጠባሉ ብዬ እንባዬን አዘጋጅቼ ነበር። ግልገሎቹ አሸተቷትና ጸጉራቸውን አቁመው ፉፉ አሉባት። በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዙ ፍጥረቶች ገና እናታቸው ላይ ጥርስ አወጡ! የመድኃኒት ቤት ሽታ ይዛ ስለመጣች አላወቋትም። እሷም ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብላ ተቃራኒው ጥግ ላይ ተኛች።

ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ትንሹን አነሳሁና ጡቷ ላይ ልለጥፈው ሄድኩ። ልጁም ቧጨረኝ፣ እናቲቱም ቧጨረችኝ። ሐኪሟ አንገቷን እየነቀነቀች «በግድ አይሆንም» አለችኝ። ልጆቹ የተኙበትን ጆንያ ግማሹን ቀደደችና እናቲቱ አጠገብ ጣለችው፣ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገን እንድንወጣ አዘዘችን። እኔ ግን ሥራ የያዝሁ መስዬ ከበሩ ውጭ ሆኜ እያየኋቸው ኮርቻ ስወለውል ዋልኩ።

ዥጉርጉሯ ጆንያው ላይ ሄዳ ተኛች። ልጆቿን አልጠራችም፣ አልተጠጋቻቸውም፣ አልሸሸቻቸውምም። ሆዷን ወደ እነሱ አዙራ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ታደርጋለች። አንዱ ሲጠጋና ፉ ሲልባት ፊቷን ዘወር ታደርግለታለች፣ እሱም ይመለሳል። ቅር ያላት አይመስልም። እኔ ብሆን በዚያች ሰዓት እዬዬዬን አስነካው ነበር። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግድግዳው ከዞረች በኋላ ያ ቀዝቅዞ የነበረው ትንሹ ተነስቶ ሄደ። መጀመሪያ ጆንያውን አሸተተ፣ ከዚያ እግሯን፣ ከዚያ ተንበርክኮ መጥባት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ኮርቻው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ፤ ጋሼ ልጓም አይተውኝ «ቆዳው በእንባ ይበላሻል» ብለው ጨርቅ ወርውረውልኝ ሄዱ።

አሁን ድመቶቹ ሁሉ ጆሯቸው ተቆርጦ እንደ ባለሥልጣን ይንጎራደዳሉ፣ ኃላፊውም የመርዝ ወሬ ካነሳ ቆየ። እኔም ለጥያቄሽ መልስ አገኘሁ። እመጣለሁ እማ። ፈቃዴን አስፈርሜያለሁ፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እቤት ነኝ። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። የመጣሁ ዕለት ማንም ሚጣዬን «ሂጂ እናትሽን ሳሚ» ብሎ እንዳይገፋት። አልጋ ስር ከገባች እዚያው ትቆይ፣ እጇን ይዞ የሚጎትታት እንዳይኖር። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ልብስ አጥፋለሁ፣ ከአንቺ ጋር አወራለሁ። አንቺንም «እናቴ» ማለቷን እንዳትከለክያት፤ ያሳደገቻትን ነው የጠራችው። እኔ ትቻት የሄድኩ ነኝ፣ መጠበቅ የእኔ ድርሻ ነው።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺልኝ። ለአባባ፣ ትራሱን ራሴ መጥቼ እንደምፈትሽ ንገሪው። እህቴንና ባሏን ሰላም በይልኝ፣ ልብስ ሰፊዋንም የሰፋችልኝ ቀሚስ ስለጠበበኝ መቀሷን እንድታዘጋጅ ንገሪልኝ። ለሁሉም ናፍቆቴ ይድረሳቸው። ሚጣዬን ግን ሳሚልኝ አልልሽም። ሥራ ላይ የማስረውን ሻርፕ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፣ ሳላጥበው ነው የላክሁት፣ አንቺም እንዳታጥቢው። ስትተኛ ትራሷ ላይ አንጥፊላት። «ይሸታል» ብላ ከወረወረችው አትቆጫት፤ አንሺና በማግስቱ መልሰሽ አንጥፊላት።

ልጅሽ
ከፈረሶቹ ጋጣ
መጋቢት ፲፪ ቀን