እኔ የተቀመጥኩበት ጥግ

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከክፍል ክፍል ስዞር ዋልኩ። የመዋዕለ ሕፃናት ሱፐርቫይዘር መሆን ማለት በሕፃን ወንበር ላይ ተጣጥፎ መዋል ነው፤ ጉልበቴ አለቀ። አዲሷ መምህርት ግን ደግ ናት፤ የራሷን ትልቅ ወንበር በሩ አጠገብ አደረገችልኝ። በበሩ ነፋስ ይገባል ብዬ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጥግ ጎተትኩት። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገችና ተወችው።

ከዚያማ ጉድ ነው የታየው። አንዲት ሚጢጢ ልጅ ገና ስትገባ እሪታዋን ለቀቀችው። አጠገቧ ያለውን ልጅ ነከሰች። እሱ ሲያለቅስ ግማሹ ክፍል ተከተለው፤ ቀለም ተደፋ... መምህርቷ የምትይዘው የምትለቀው ጠፋት።

በኋላ ቁጭ አድርጌ መከርኳት። አንገቷን ደፍታ “እሺ እትዬ፣ እሺ” ብቻ። ለዳይሬክተሯ “ልጅ መያዝ ይከብዳታል” አልኳት። የሙከራ ጊዜዋ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ምን ላድርግ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ዳይሬክተሯ “አንቺ ካልሽ አለቀ፤ ትሰናበታለች” አለችኝ።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። “እኔን እስከ ዛሬ ሳታሰናብቺ የቆየሽው በምን ነጥብ ነው?” አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እራቴን ግን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አዲሷ መምህርት ክፍል የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ሄድኩ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ቆሜ አየሁ። ያቺ ጯሂ ልጅ መስኮቱ ሥር ጥጉ ውስጥ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጭጭ። መምህርቷ አልጠራቻትም፤ ስታልፍ ፀጉሯን ዳበስ አደረገቻት እንጂ። ልጅቷ ትንሽ ቆይታ በራሷ ጊዜ ተነሳችና ከጓደኞቿ መሀል ገባች።

ያ ጥግ እኮ... እኔ የተቀመጥኩበት ነው!

በዕረፍት ሰዓት መምህርቷን ጠየቅኳት። “በየጠዋቱ እዚያ ትቀመጣለች፤ ከእናቷ ስትለይ ይከፋታል። ሲወጣላት ትመጣለች” አለችኝ።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ትልቅ ሰው ተነሱ ይባላል እንዴ፣ እትዬ?” ቀጥላ “ደግሞ... በኋላም አልጠየቁኝም።”

እውነቷን ነው። ያን ቀን ስለፈልፍ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው... አፈርኩ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሌን ባጥፍ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል? ባላጥፍስ? መምህርቷ በእኔ ጥፋት እንጀራዋን ልታጣ ነው። ዳይሬክተሯ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ!

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። “ከዚህ በፊት በአንቺ ቃል ያሰናበትኳቸውንስ ምን ልበላቸው?”

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

የመምህርቷ የሙከራ ጊዜ እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተራዘመላት። ስወጣ ዳይሬክተሯ “እስቲ አንቺም አንድ ቀን ክፍሉን ያዢውና እንይሽ” አለችኝ፤ ለነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን እሺ አልኩ። የምታየኝ ግን እሷ ትሁን አልኩ... አዲሷ መምህርት።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ነገ የምነግራቸውን ተረት ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ፈተና!

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ልጆቹ ተጫወቱብኝ። ተረት ብጀምር አንዱ “ይሄን እናውቀዋለን” አለ፤ ሁለቱ በአንድ አሻንጉሊት ተናነቁ። ደንግጬ ጮህኩባቸው። እኔ! “አትጩሂባቸው” እያልኩ ስንቷን መምህርት ያስለቀስኩት።

ልጆቹ ወደ ግቢ ሲወጡ መምህርቷ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንገቴን ደፋሁ። የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ስለው የኖርኩት። መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ አያያዝ፣ ከዚያ “በርቺ”።

እሷ ግን ቀስ ብላ “እርስዎስ እንዴት አዩት?” አለችኝ።

በእኔ ቃል የተሰናበቱት መምህራን ፊታቸው መጣብኝ። ያቺ ረጅሟ... ያቺ ስትናገር የምትንተባተበው... ይህን ጥያቄ አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም። ምን ይነግሩኝ ነበር? አሁን ወዴት ብዬ ልፈልጋቸው?

“ፈርቼ ነበር” አልኳት። አለቀስኩ።