የሌላኛውን ፓርቲ ወረቀት የጠየቅሁ ዕለት

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደም ግፊቴም አደብ ገዝቷል። ከቤቴ እስከ ቤትሽ በመኪና ሃያ ደቂቃ ሆኖ ሳለ በፖስታ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ መልሼ ዘጋሁት። ከተኮራረፍን ስድስት ዓመት ሆነን፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ከዴሞክራት ኮሚቴው ወጥቻለሁ። አዎ፣ እኔ! ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩ ተጠሪ የነበርኩት።

ያኔ ወደ ሪፐብሊካኖቹ ስትሄጂ፣ እዚህ ካውንቲ ዴሞክራት ሆኖ መወዳደር ለባዶ ወንበር ንግግር ማድረግ ነው ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ዘንድሮ ለካውንቲው ኮሚሽነርነት የምናቀርበው ሰው እንኳ አጣን። በሜይው ቅድመ ምርጫ የሪፐብሊካን ዕጩ ሆኖ ያለፈ፣ ኖቬምበር ላይ የሚገጥመው የለም። ዋናው ምርጫ የሜይው ሆኗል።

አንቺና ሌላው የሪፐብሊካን ተወዳዳሪ የተከራከራችሁበት ምሽት እኔም ነበርኩ፤ ከኋላ ስለተቀመጥኩ አላየሽኝም። ያ ተፎካካሪሽ «የአባቷን ፓርቲ የከዳች ለእናንተ ትታመናለች?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንቺ ወረቀትሽን ገልጠሽ ንግግርሽን ቀጠልሽ። እኔ ያልሳቅሁት ጨዋ ሆኜ አይምሰልሽ። ፓርቲ ስትቀይሪ ያልኩሽ ቃል በቃል ይኸንኑ ስለነበር ነው።

የሜይው ምርጫ ዕለት ድምፅ ልሰጥ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወረድኩ። መዝገቡን የያዘችው ሎሬታ ስተምቦ ነበረች፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና ስታየኝ ከሁለቱ ፓርቲዎች የድምፅ መስጫ ወረቀቶች የዴሞክራቱን መዘዘች።

«የሪፐብሊካኑን ስጪኝ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ቀልድሽ!»

እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ፊቷ ተለወጠ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼ እኮ ስምሽ ላይ ይመዘገባል። ከኮሚቴው ትወጫለሽ፤ ገብቶሻል?» አለችኝ።

«የኦሃዮን ሕግ ላስተማርኩሽ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አልኳት።

ሰጠችኝ። ዞር ስል የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ኤልዶን ፍራንትዝ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላዬ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

በሳምንቱ የቢሮውን ቁልፍ ሊቀበለኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ። በር ላይ እንደቆመ፣ «ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። እኔ ምን በደልኩሽ?» አለኝ። እሱ ምን በደለኝ? ቁልፉን ሰጠሁት፤ ሲሄድ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አይጮህም። ሐሙስ ሐሙስ ከኮሚቴው ሴቶች ጋር ምሳ የምበላበት ምግብ ቤት ሄጄ፣ አንዷ ቦርሳዋን የእኔ ወንበር ላይ አስቀምጣ «ተይዟል» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ሾርባዬን በልቼ ተመለስኩ። ሪፐብሊካኖቹም አልወደዱኝም፤ ልትሰልለን ወይ ልትበጠብጠን የመጣች ናት ይላሉ አሉ። ባልም ልጅም የለኝም፤ ስብሰባው፣ የስልክ ጥሪው፣ በየቤቱ ማንኳኳቱ ቤተሰቤ ነበር ለካ። አሁን አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ሳልናገር ውዬ፣ ማታ ድመቷን ስጠራ ድምፄ ይሻክርብኛል።

ይህን የጻፍኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም። ማንም አላስገደደኝም።

ድጋሚ ቆጠራው እንዳለቀ ጋዜጣው ላይ አነበብኩ። በአንድ ድምፅ አሸነፍሽ! እንኳን ደስ ያለሽ። አገሩ ሁሉ ያቺ አንድ ድምፅ የማን ትሆን እያለ ይወራረዳል አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እግዚአብሔር በሥራሽ ይርዳሽ፤ የሚስቁብሽንም ልብ ያራራልሽ። መንገድሽ በዚህ ከሆነ የጓሮው በር አይቆለፍም።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ